ኳስ በቆመበት ወር የስፖርት ሰዓት ኪራይ ይከፈላል?

የቀድሞ ተባባሪ አዘጋጅ፦ ለማያውቁት ላስረዳ። በአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከምትሰሟቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የጣቢያው አይደሉም። ተባባሪ አዘጋጅ የሚባለው ሰው የአየር ሰዓቱን በወር ሒሳብ ይከራያል፤ ስፖንሰር ራሱ ያፈላልጋል፤ ከተረፈው ይኖራል። እኔም በሳምንት አራት ቀን የስፖርት ሰዓት ነበረኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ቀን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተቋረጠ። የእኛም ሊግ ቆመ፤ በኋላም ጭራሹን ተሰረዘ። ሁለቱ ስፖንሰሮቼ በሳምንት ውስጥ ደውለው "ለጊዜው እናቁመው" አሉኝ። የጣቢያው የክፍያ መጠየቂያ ግን ወሩ ሲያልቅ አንድ ብር ሳይጎድል መጣ። አቋሜ ግልጽ ነው፤ ወረርሽኝ ሲገባ ጣቢያ ቋሚ ኪራይ መጠየቅ የለበትም። የተለየ ሐሳብ ያለው ይናገር።

የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛ፦ እኔ መጠየቂያውን ከሚልኩት ወገን ነኝ፤ ጣቢያችን ግን ሌላ ነው። ወንድሜ፣ ማሰራጫው ኮሮና ገባ ብሎ የመብራት ሒሳቡን አልቀነሰም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል፤ ጋዜጠኛውም ደመወዙን ይጠብቃል። ደግሞም የተጎዳነው ቀድመን ነው። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከአየር አውርዶታል። የስፖርት ሰዓት ደግሞ በማን ገንዘብ ይኖር እንደነበር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የዓለም ዋንጫ በነበረበት ክረምት ኪስህ ሲሞላ ድርሻችንን ጠይቀንህ ነበር?

የቀድሞ ተባባሪ አዘጋጅ፦ አልጠየቃችሁም። በማግሥቱ ግን ኪራዩን ጨመራችሁ።

የቤት ዕቃ ነጋዴ፦ ስፖንሰር ስፖንሰር የምትሉት ሰው እኔ ነኝና እኔም ልናገር። ያቆምኩት ገንዘብ አጥሮኝ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ አንድ ሻጭ መጥቶ ማስታወቂያዬን በግማሽ ዋጋ ሊያስተላልፍልኝ ጠየቀ። የትኛውን? "ለበዓል ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ሱቃችን ይምጡ" የሚለውን! መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ጊዜ ነው። ቅናሽ ምን ያደርግልኛል? "በስልክ ይዘዙ፣ ፍራሹን እቤትዎ እናደርሳለን" ብሎ አዲስ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ የሚቀዳልኝ ቢገኝ ሙሉ ዋጋ እከፍል ነበር። ልጄ ይህንኑ በቴሌግራም ጽፎ በሳምንት ሰባት ፍራሽ ሸጠ።

የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛ፦ በዚህ አልከራከርም። እኛም ዋጋ እየቀነስን ሮጥን እንጂ መልእክቱን የቀየረ አልነበረም። የዋጋ ዝርዝራችንም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ውዱ ሰዓት ሆኖ ቀጠለ፤ ያ ሰዓት ውድ የሆነው ግን በታክሲ ምክንያት ነበር። አሥራ ሁለት ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ስድስት ሲጭን፣ ግማሹ ከተማ ደግሞ እቤቱ ሲውል፣ አድማጩ ወደ ረፋድ ተዛወረ። ስልኮቻችን የሚጨናነቁት በአራት ሰዓት ሆነ። ዝርዝሩን የነካው ግን የለም።

መምህርት፣ አድማጭ፦ ስለ ኪራይና ስለ ፍራሽ ብቻ ታወራላችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ በኤፍ ኤም 94.7 ትምህርት ያስተላልፍ ነበር። ተማሪዎቼ ግን ብዙ ወንድምና እህት ያላቸው ናቸው፤ በአንድ ሬዲዮ የአምስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ይጣላሉ። ሌሎቹ ጣቢያዎች ኳስ የሌለውን የኳስ ሰዓት ለልጆቹ ቢለቁላቸው ምን ነበር? በዚያ ፈንታ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ደውሎ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ የጠጣ በሽታው እንደማይዘው ለአምስት ደቂቃ ያህል አስረዳ። አዘጋጁ "እናመሰግናለን" ብሎ ወደ ሳሙና ማስታወቂያ አለፈ። በማግሥቱ ገበያ ወርጄ የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰምቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ።

የቀድሞ ተባባሪ አዘጋጅ፦ እህቴ፣ ሰዓቱን ለልጆች ልቀቅ ማለት ቀላል ነው። ኪራዩን እየከፈልኩ እንዴት ልልቀቅ? እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ኪራዩ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ለቃቂ እኔ ነበርኩ።

መምህርት፣ አድማጭ፦ የመጀመሪያው? እንጃ።

የድምፅ ባለሙያ፦ ጋሼ ስፖርት ሲከፋው አይቻለሁና ልመስክርለት፣ ሰዓቱን አላባከነውም። ስቱዲዮ የሚገባው ሰው ሲቀነስ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ማይክሮፎኑን በየሰዓቱ አዲስ ፌስታል አለብሰዋለሁ። እርሱ እቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ በስልኩ እየቀዳ በቴሌግራም ይልክልኛል። አንድ ቀን በመሐል የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ። ቆርጬ ላወጣው ስል ተወው አለኝ። የድሮ ተጫዋቾችን በስልክ እያገኘ ስለ ካምቦሎጆ ሜዳ ያስወራቸው ጀመር። ከውጤት ትንተናው ይልቅ ለዚያ የሚደውለው ሰው በዛ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የሽያጭ ክፍሉ አንድ ስፖንሰር እንኳ ይዞለት አልመጣም። ፕሮግራሙ ሌላ መሆኑን የሰሙ አልመሰለኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ እዚህም ዋሽንግተን አካባቢ የአማርኛ ፕሮግራም የምናዘጋጅ ሰዓት የምንከራይ ነን። ስፖንሰሮቻችን ምግብ ቤትና የጉዞ ወኪል ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ተዘጉ። ጣቢያው ኪራዩን አልማረንም። የሦስት ወሩን በዓመቱ ወራት ላይ አከፋፍሎ እንድንከፍል ተስማማ። እኛ ደግሞ በአየር ላይ ወጥተን "ቢል መጥቶብናል" አልን። ታክሲ የሚነዱ ሰዎች ራሳቸው ሥራ ፈተው ሳለ አሥርና ሃያ ዶላር ላኩ። አፍሬ ነበር፤ ግን ተቀበልኩ። ኪራይ ጨርሶ ይቅር የሚለውን አልደግፍም፤ ጣቢያው ከተዘጋ ጋቢ ተከናንበን የምንቀዳውን ማን ያስተላልፈዋል?

የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛ፦ እንግዲያው አዲስ ውል ስንጽፍ አንድ አንቀጽ እናስገባ። በመንግሥት ውሳኔ ወይም በውድድር መቋረጥ ምክንያት ፕሮግራሙ ከአንድ ወር በላይ ይዘቱን ካጣ፣ ቋሚ ኪራዩ ቆሞ በገቢ ድርሻ ይተካ። ስፖንሰር ማፈላለጉም የሁለታችን ይሁን። የጤና ጉዳይ በሚነሳበት ሰዓት ባለሙያ ሳይኖር የአድማጭ ስልክ በቀጥታ አይግባ። ይህ የመጨረሻው ለመምህርቷ ነው። ከሚገኘው 40 በመቶ ለጣቢያው።

የቀድሞ ተባባሪ አዘጋጅ፦ ሠላሳ።

የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛ፦ ናፍጣውስ?

የቀድሞ ተባባሪ አዘጋጅ፦ ሠላሳ አምስት፣ ናፍጣውን ጨምሮ። የፍራሹን ማስታወቂያ እኔ ራሴ እቀዳዋለሁ።

የቤት ዕቃ ነጋዴ፦ ያለ ዶሮው ከሆነ እስማማለሁ።