አሮጌ የእንግሊዝ የቀለም ብዕር ከኢንተርኔት ጨረታ ስለመግዛት

የጦሳው (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። አሮጌ የእንግሊዝ የቀለም ብዕሮችን እሰበስባለሁ፤ እስካሁን ግን ያገኘኋቸው እዚሁ ደሴ ከቀድሞ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት የወጡ፣ እንግሊዝ አገር በኒውሄቨን ፋብሪካ የተሠሩ ፓርከሮች ብቻ ናቸው። አሁን ለንደን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ተጫርታ ልትገዛልኝ ስለተስማማች፣ ከአንድ የእንግሊዝ አጫራች ገጽ ላይ ሁለት ብዕሮች መርጫለሁ። አንደኛው በ1920ዎቹ እንደተሠራ የተገለጸ ጥቁር ኦኖቶ ነው፤ ሁለተኛው አረንጓዴ ዥንጉርጉር የሆነ፣ በጎኑ ማንሻ ያለው ኮንዌይ ስቱዋርት ነው። በሁለቱም መግለጫ ላይ «ቀለም መሙያው አልተሞከረም» የሚል ተጽፏል። ይህ ምን ያህል ሊያሳስበኝ ይገባል? እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ታስቀድማላችሁ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ «አልተሞከረም» የሚለውን «አይሠራም» ብለው ያንብቡትና ዋጋዎን በዚያው ልክ ይስጡ። ኮንዌይ ስቱዋርቱ ውስጥ ያለው የላስቲክ ከረጢት በዕድሜ ብዛት ደርቆ ተሰባብሮ ይሆናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ አዲስ ከረጢት ሼላክ በሚባል ሙጫ አጣብቆ መግጠምም ብዙ ወጪ የለውም። ኦኖቶው ግን ሌላ ነገር ነው። ደ ላ ሩ ኩባንያ ከ1905 ጀምሮ የሠራው ይህ ብዕር ከረጢት የለውም፤ ከኋላው ያለው ዘንግ ተስቦ ወደ ታች ሲገፋ ከበስተጀርባው አየር አልባ ክፍተት ይፈጠራል፣ ዘንጉ አካሉ ሰፋ ከሚልበት ከታችኛው ጫፍ ሲደርስም ቀለሙ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይ ይመጠጣል። አየርና ቀለም እንዳያልፍ በዘንጉ ዙሪያ የሚዘጉት ማሸጊያዎች ከደረቁ ብዕሩ ምንም አይስብም፤ እነሱን መቀየርም ሥራውን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ጥገና የማይመልሰው ጉዳት ነው። የብዕሩ ጫፍ ባለ 14 ካራት ወርቅ ቢሆንም ወረቀቱን የሚነካው ነጥብ ከወርቅ እጅግ የሚጠነክር ማዕድን የተበየደበት ነው፤ ያ ነጥብ በአንድ ወገን ተበልቶ ወይም ወድቆ ከሆነ የቀረው ነገር ለእይታ ብቻ ይሆናል። አጫራቾች ደግሞ ጫፉን ከላይ እንጂ ከጎን አያነሱትም፤ ስለዚህ የጎን ፎቶ እንዲልኩ ይጠይቋቸው፣ አብዛኞቹ ይልካሉ። በጫፉ ላይ የሠሪው ስም ጠፍቶ «ዋራንትድ» የሚል ብቻ ከተቀረጸ የመጀመሪያው ጫፍ ተለውጧል ማለት ነው። የክዳኑንም አፍ በደንብ አጉልተው ይመልከቱ፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌላው፣ ጥቁሩ ኦኖቶ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ስለሚሆን ብርሃንና እርጥበት ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ በፎቶው ላይ ጥቁረቱ ከመጠን በላይ ካብረቀረቀ አንድ ሰው ሞርዶታል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ሲሞረድም በአካሉ ላይ የታተመው ጽሑፍ ይሳሳል። ከዥንጉርጉሮቹ ኮንዌይ ስቱዋርቶች ብዙዎቹ ኬዚን ከሚባለው፣ ከወተት ፕሮቲን ከሚሠራ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ለማጠብ ብለው ውሃ ውስጥ ከነከሯቸው ያብጣሉ፣ ይጣመማሉም።

የሐይቅ ልጅ፦
ቦርከና ስለ ብዕሩ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ገንዘቡ ልጨምር። በጨረታው ያሸነፉበት ዋጋ የሚከፍሉት ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ አጫራቹ 25 በመቶ የገዢ ኮሚሽን የሚያስከፍል ከሆነና በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከታከለ፣ በ100 ፓውንድ ያሸነፉት ብዕር 130 ፓውንድ ይሆናል፤ ጨረታውን የሚያስተላልፈው ድረ ገጽ የራሱን ክፍያ ሊጨምር ይችላል፣ ፖስታውም አለ። ስለዚህ ከፍተኛውን ዋጋዎን ከጠቅላላ ወጪው ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩና ለአክስትዎ ልጅ አንድ ቁጥር ብቻ ይስጧት። ያንን አስቀድማ ካስገባች ሥርዓቱ ሌላ ተጫራች ሲመጣ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ያደርግላታል፤ በመጨረሻው ደቂቃ እልህ ውስጥ የምትገባበት ምክንያት የለም። ብዕሩንም በፖስታ ከማስላክ ይልቅ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ቢይዘው እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የክዳኑ ቀለበት «ወርቅ ነው» ከተባለ ማኅተሙን ይፈልጉ። ባለ 9 ካራት የእንግሊዝ ወርቅ 375 የሚል ቁጥር ይታተምበታል፤ ቁጥርም ማኅተምም ከሌለ ብዙውን ጊዜ ልባጥ ነው።

የጦሳው (ደሴ)፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የጎን ፎቶ ጠይቄያለሁ። ኦኖቶው ልቤን ወስዶታል፤ ነገር ግን ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስለምመላለስ ያሉኝ ፓርከሮች ዳገቱን ስወጣ ክዳናቸው ውስጥ ቀለም ይተፋሉ። ይህስ አሮጌ ስለሆነ አይብስም?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
እንዲያውም ለዚያ መንገድ ከኦኖቶ የተሻለ አላውቅም። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጡ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚጨምሩ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ በብዕሩ ውስጥ የቀረው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ወደ ጫፉ ይገፋዋል። ኦኖቶ የኋላ ራሱ ጠብቆ ሲታሰር የቀለሙ መንገድ ይዘጋል፤ ሊጽፉ ሲሉ ትንሽ ያላሉታል። ፓርከሮችዎን ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት እስከ አፋቸው ይሙሏቸው ወይም ባዶ ያድርጓቸው፤ ጫፋቸውንም ወደ ላይ አድርገው ይያዟቸው። ኦኖቶውን ከገዙት ማሸጊያዎቹ እዚያው እንግሊዝ አገር ተቀይረው ቢመጡ ይሻላል፤ የጥገናውን ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁና ከሚሰጡት ዋጋ ላይ ይቀንሱት።