ሙኒክ ያለው የተኛው ፋውን በጌይ አርት ታሪክ ውስጥ ለምን ይነሳል?

ሚሚ_ሙኒክ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ግሊፕቶቴክ ሙዚየም ገብቼ ባርበሪኒ ፋውን የሚሉትን ሐውልት አይቼ ከፊቱ ደርቄ ቀረሁ። ድንጋይ ላይ የአውሬ ቆዳ አንጥፎ፣ ቀኝ እጁን ከጭንቅላቱ ኋላ አድርጎ፣ እግሩን አንፈራጦ እንቅልፍ ጥሎታል፣ አፉ እንኳን ከፈት ብሏል። ጓደኛዬ በጌይ አርት ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው አለኝ፣ ለምን ስለው ግን በደንብ አላስረዳኝም። የምታውቁ ንገሩኝ እስቲ።

ቀለም፦ ሚሚዬ ከጀርባው ዞረሽ አይተሽዋል? ጭራ አለው። ሳቲር ነው፣ በግሪኮቹ ተረት ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ የሆነ ፍጡር፣ የወይን ጠጅ አምላካቸው የዲዮናስዮስ አጃቢ፣ ሮማውያን ናቸው ፋውን ከሚሉት ከራሳቸው የጫካ መንፈስ ጋር የቀላቀሉት። የተቀረፀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ220 አካባቢ ነው ይባላል። ሌላ ቦታ ሳቲር ማለት የተኛች ሴት አጮልቆ የሚያይ የሚያሳድድ ነው፣ እዚህ ግን እሱ ራሱ ተኝቶ የምናየው እኛ ነን። የወንድ ገላ እንዲህ ራሱን ሳይጠብቅ፣ ጀግና ሳይሆን፣ ለመታየት ብቻ ተጋድሞ ማየት ብርቅ ነው፣ ለኔ ጉዳዩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

አቤል ቲ፦ ቀለም ልክ ነህ፣ ጀርመናዊውን ምሁር ቪንከልማንን ግን አትርሱት። የጫማ ሰሪ ልጅ ነው፣ ሮም ገብቶ በ1764 የጥንቱን አርት ታሪክ ጽፎ ለዘርፉ መሠረት የጣለ ሰው። የወንድ ሐውልት ሲገልፅ የሚወደውን ሰው እንደሚያይ ነው የሚጽፈው፣ ወንዶችን እንደሚወድ ደግሞ ታላቁ የጀርመን ደራሲ ጎተ ራሱ በ1805 አንስቶታል። በዛ ዘመን እንዲህ ያለ ፍቅር በአደባባይ አይወራም፣ ስለ እብነ በረድ ግን እንደልብ ማውራት ይቻላል፣ እና ብዙ ወንዶች በዚህ በኩል ነው ስሜታቸውን የተናገሩት። ሳስበው ልቤን ይነካኛል።

ሰናይት፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀኝ እግሩ በኋላ የተጠገነ ነው። ሐውልቱ በ1620ዎቹ ሮም ውስጥ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ከሃድሪያን መቃብር አጠገብ ሲገኝ ተሰባብሮ ነበር፣ ስለዚህ ያ አንፈራጦ መተኛቱ በከፊል የጠጋኞቹም እጅ አለበት። ግሪኮቹም ጌይ የሚል መጠሪያ አልነበራቸውም፣ እና ሐውልቱ ጌይ ነው ከምንል ማን እንዴት አየው ብንል ይሻላል።

ሚሚ_ሙኒክ፦ ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጭራውን ጭራሽ አላየሁትም፣ ቅዳሜ ተመልሼ እግሩ የተቀጠለበትንም ፈልጌ ፎቶ አነሳላችኋለሁ።