ክርክር፦ የቦርከና ጎርፍ መከላከያ ወጪ የማን ነው?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ሲገባ ኮምቦልቻ ላይ የቦርከና ወንዝና ገባሮቹ እየሞሉ ዳር ያለውን ሰው ያሰጋሉ። የመከላከያ ግንቡን ወጪ ነዋሪው በመዋጮ ይሸፍን ወይስ ከመንግሥት ካዝና ይውጣ? በጨዋ ደንብ እንነጋገር።

ባለመጋዘኑ (ኮምቦልቻ)፦ እኔ መዋጮውን እደግፋለሁ። በጀት እስኪጸድቅ ክረምቱ አይጠብቀንም። ድሬዳዋን አስቡ፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። የመከላከያ ሥራው የተጠናከረው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። እኛ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል። የሚችል ብር፣ የማይችል ጉልበት ያዋጣ።

የወንዝ ዳሯ (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ቅን ነው። ግን ከዚህ በፊትም አዋጥተናል። ለመንገድ ተብሎ የከፈልኩበት ደረሰኝ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ መንገዱን ግን አላየሁትም። ደግሞ ግንብ የለም ያለው ማን ነው? ከቤቴ በታች ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በሽቦ ታስሮ የተሠራ ግንብ፣ አለ። ሽቦው ዝጎ ተበጥሷል፤ ድንጋዩ አንድ ባንድ ወደ ወንዙ እየወረደ ነው። ከሥሩ ውሃው ፈልፍሎት ክንድ ሙሉ ይገባል። የሚቀጥለው ደራሽ ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል። ሲመረቅ ሁሉም ነበር፤ ልጠግን ብሎ የመጣ ግን አንድም የለም። ለአዲስ ግንብ ከማዋጣቴ በፊት የዚህን ጠባቂ አሳዩኝ።

የግንባታ ባለሙያው (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ ያነሳችው ዋናው ጉዳይ ነው። እኔ ግን ከዚያም ከፍ ብዬ ልጀምር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ማለት ነው። ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ በደሴ ቆርቆሮና ኮብልስቶን ላይ ሳይሰርግ ያልፋል፤ አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ጠርጎ እኛ ጋ ይደርሳል። ቱቦዎቻችንን የሚደፍነውም ይኸው ነው። ሁለቱም ከተሞች በዓለም ባንክ ድጋፍ የውሃ መውረጃ ሠርተዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ መውረጃ ውሃውን ቶሎ ወደ ወንዙ ያደርሳል እንጂ አያስቀረውም። ኮምቦልቻ ላይ ብቻ ግንብ ብናቆምም ጉልበቱ ሳይቀንስ ከእኛ በታች ወዳሉት ወደ ሐርቡና ወደ ጨፋ እንልከዋለን። ስለዚህ ገንዘቡ ከላይ መጀመር አለበት፦ ቦረቦር ማዳን፣ እርከን፣ ደለል መያዣ ክትር። ግንቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ወጪውን በተመለከተ፣ ቦርከና ከአማራ ክልል ወጥቶ አፋር ውስጥ አዋሽን የሚቀላቀል ወንዝ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችን አጠቃቀም ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። «አጠቃቀም ይላል እንጂ ጎርፍ አይልም» የሚለኝ ይኖራል። ውሃውን ለመስኖ የሚያስተዳድር አካል ሲሞላ ዞር ሊል አይገባም ባይ ነኝ።

የጦሳ ሥሩ (ደሴ)፦ ወንድሜ፣ በአክብሮት ልቃወምህ። ጥፋቱን ሁሉ ደሴ ላይ አታላክክ። እኛም ተራራ ሥር ነን፤ መንሸራተቱም ቦረቦሩም በራችን ላይ ነው። ሐምሌ 2016 ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን ውስጥ ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲቀብር እዚህ እንቅልፍ ያጣን ብዙ ነን። የኩታበር ገበሬም በየዓመቱ ጥር ሲገባ ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል። ያ ጉልበት በብር ቢሰላ ትልቁን መዋጮ የከፈለው እሱ ነው!

የኮምቦልቻን ፋብሪካዎችስ ለምን ዘለልካቸው? የኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ 75 ሄክታር ነው። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 30,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ግማሹ ቦታ በጣሪያና በአስፋልት ቢሸፈን እንኳ 15,000ው ቀጥታ ወደ ወንዝ ነው፤ ባዶ መሬት ቢሆን አብዛኛውን ይመጠው ነበር። እነሱ ይክፈሉ።

የግንባታ ባለሙያው፦ በፋብሪካዎቹ እስማማለሁ፤ ግቢያቸው ውስጥ ማጠራቀሚያ ኩሬ ይቆፍሩ። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ የኩባንያ ትርፍ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ነው። ጣሪያው እዚህ፣ ጎርፉ እዚህ፣ ግብሩ ግን የሚሄደው ወደዚያ ነው። ፌዴራልና ክልል ለወንዙ ይመድቡ የምለውም ለዚህ ነው።

ባለመጋዘኑ፦ አንቀጽ ስንጠቅስ ሰኔ ደረሰ። እስከዚያ ማን ቱቦ ይጥረግ?

የግንባታ ባለሙያው፦ ከተሞቹ። የንብረት ታክስ አዋጁ ጥር 2017 ጸድቋል። ደሴና ኮምቦልቻ ከዚያ ገቢ የተወሰነ እጅ ለጥገና ብቻ በአንድ የጋራ ሒሳብ ያስቀምጡ። ቱቦው በግንቦት ይጠረግ፣ ጋቢዮኑ በበጋ ይጠገን። ነዋሪው በጉልበት ይርዳ፤ ብር ግን ሁለት ጊዜ አይጠየቅ።

የወንዝ ዳሯ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የትኛው ጋቢዮን በስንት ብር እንደተጠገነ በስም ተጽፎ። ጋሼ ባለመጋዘኑም ይፈርሙ፣ እኔም እፈርማለሁ፤ ደብዳቤውን ለሁለቱም ከተማ አስተዳደሮች እናስገባ።