ከጅቡቲ ርካሽ የቀዘቀዘ ቱና ቀረበልን፤ የዓሣው ወረቀት ግን የለም። ምን ይሻላል?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬ፣ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታንሱብኝ)። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ደግሞ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በሪፈር (ማቀዝቀዣ ባለው) ኮንቴይነር የቀዘቀዘ ቱና ልናስመጣ አሰብን። ጅቡቲ ያለ ደላላ ከገበያው በጣም የወረደ ዋጋ ሰጠን። ወረቀቱን ስጠይቀው ግን «ባሕር ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ የተዛወረ ስለሆነ ወረቀት የለውም። ኮንቴይነር ከገባ በኋላ ማንም አይጠይቅሽም» አለኝ። አንድ ዘመዴ በበኩሉ «በሕገወጥ መንገድ የተጠመደ ዓሣ ወደብ እንዳይገባ አገሮች ተፈራርመዋል፤ ጣጣ ውስጥ እንዳትገቢ» ይለኛል። እውነት ነው? ደላላውንስ ምን ልጠይቀው?

አቦ ተይው፦
አቦ ባሕር የለን፣ መርከብ የለን፣ እኛ ምን አገባን? ካልሸተተ ጥበሺው።

ትራንዚተሩ፦
መርከብስ አለን፤ የሌለን ባሕሩ ነው። እህቴ፣ እኔ የምሠራው ደረቅ ወደብ ላይ ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ የኦሪጅን ሰርተፊኬት (የዕቃው ምንጭ አገር ማረጋገጫ)፣ የላኪው አገር የጤና ሰርተፊኬትና የእኛ የማስገቢያ ፈቃድ ሳይሟላ የቀዘቀዘ ዓሣ አታንቀሳቅሺ። ሪፈር እንደ ደረቅ ዕቃ አይደለም። አንዲት ወረቀት ጎድላ ከቆመ የመብራቱም የቆይታውም ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል። በዋጋ ያተረፍሽውን እዚያው ትጨርሺዋለሽ።

ሐረር፣ ዓሣ ሀብት፦
ዘመድሽ ልክ ነው። የወደብ አገሮች እርምጃ ስምምነት ይባላል። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሥር በ2009 ጸድቆ፣ ከሰኔ 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ጅቡቲም፣ ሶማሊያም፣ ኬንያም አባል ናቸው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሌባ መርከብን በሰፊው ባሕር ላይ ማሳደድ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይያዝም። ግን ነዳጅ ያልቅበታል፣ ሞተር ይበላሽበታል፣ ዓሣውንም የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ስለዚህ ወደቡ ላይ ይጠብቁታል። የውጭ አገር ዓሣ አጥማጅ መርከብ ከመግባቱ በፊት ማን እንደሆነ፣ የማንን ባንዲራ እንደያዘ፣ ፈቃዱን፣ የጫነውን ዓሣ፣ ባሕር ላይ ያዛወረው ካለም እሱን አስቀድሞ ያሳውቃል። ወደቡ መፍቀድ፣ መከልከል ወይም ለፍተሻ ብቻ ማስገባት ይችላል። ጥፋት ከተገኘበት ማራገፍ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ስንቅ የለም፣ ጥገና የለም። አደጋ የደረሰበት ወይም የሠራተኞቹ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ብቻ ይረዳል።

አንዱ ወደብ ቢከለክለው ጎረቤቱ ወደብ ከተቀበለው ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ለዚህ ነው የፍተሻው ውጤት መርከቡ ባንዲራዋን ለያዘላት አገር፣ ለሚመለከታቸው ሌሎች አገሮችና ለፋኦ የሚላከው። አገሮቹ መረጃውን የሚለዋወጡበት የጋራ ሥርዓትም ተዘርግቷል።

አቦ ተይው፦
እሺ፣ ይኼ ሁሉ ለመርከብ ነው። እሷ የምታስመጣው ኮንቴይነር ነው። ደላላው ምን ዋሸ?

ሐረር፣ ዓሣ ሀብት፦
ጥሩ ነጥብ። ስምምነቱ ቀድሞ ወደብ ላይ የተራገፈን ዓሣ ብቻ የጫነ የኮንቴይነር መርከብን አይመለከትም። ክፍተቱ ይኸው ነው፤ ደላላውም ያውቃታል። እንዲህ ያለው ዓሣ እኛ ድስት ውስጥ የሚደርሰውም በዚያች ቀዳዳ ነው።

የዋሸው ግን በሌላኛው ቃሉ ነው። «ባሕር ላይ ስለተዛወረ ወረቀት የለውም» የሚባል ነገር የለም። በሕንድ ውቅያኖስ ቱናን የሚቆጣጠር ኮሚሽን (በእንግሊዝኛ IOTC) አለ፣ ዋና ቢሮው ሲሸልስ ነው። በእሱ ደንብ ትልልቅ መርከቦች የያዙት ቱና የሚዛወረው ወደብ ላይ ነው። ባሕር ላይ የሚፈቀደው በረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አስረው ለሚያጠምዱ ትልልቅ መርከቦች ነው፤ እሱም ተቀባዩ መርከብ ላይ ታዛቢ ተቀምጦ፣ የዝውውር ሰነድ ተሞልቶ ነው። ስለዚህ ባሕር ላይ የተዛወረ ቱና እንዲያውም አንድ ወረቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ወደብ የሠራ፦
ጅቡቲ ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመርከብ ስም ብረቱ ላይ በብየዳ ይጻፋል። ስም ሲቀይሩ የድሮውን ይፍቁና ቀለም ይቀቡበታል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው የድሮዎቹ ፊደላት ጠባሳ ከቀለሙ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስምም ባንዲራም እንደ ሸሚዝ ይቀየራል። የማይቀየረው የአይ ኤም ኦ (IMO) ቁጥር፣ ማለትም የመርከቡ ቋሚ ዓለም አቀፍ መለያ ነው።

የሳቢያኗ፣ ያጠመደውን መርከብ ስምና ይህን ቁጥር ጠይቂው። ሰባት አኃዝ ነው። ስድስቱን በተራ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 አባዢና ደምሪ። የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ከሰባተኛው ጋር መግጠም አለበት። ለምሳሌ 9074729ን ብትወስጂ 63፣ 0፣ 35፣ 16፣ 21 እና 4 ይሰጥሻል። ድምሩ 139፣ መጨረሻው 9፤ ገጠመ። መግጠሙ መርከቡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ካልገጠመ ግን ቁጥሩ ስህተት ወይም የፈጠራ ነው። ከገጠመ በኋላ የሲሸልሱ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ግቢ። ፈቃድ ያላቸው መርከቦች መዝገብም፣ በሕገወጥ ማጥመድ የተያዙት የሚጻፉበት ጥቁር መዝገብም ለማንም ክፍት ነው።

የሶማሌ ተራ ልጅ፦
እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። አጎቴ በርበራ በጀልባ ያጠምዳል። ማታ ማታ ትልልቆቹ መብራታቸውን አጥፍተው ይመጡና መረቡን ጎትተውበት ይሄዳሉ ይላል። ወላሂ፣ ርካሽ የሆነው ማን ከፍሎበት እንደሆነ ይገባኛል።

የሳቢያኗ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ደላላውን የመርከቡን ስም፣ ቁጥሩንና የዝውውር ሰነዱን ጠየቅኩት። ስም አልሰጠኝም። የካርቶን ፎቶና አንድ ቁጥር ላከልኝ። ካርቶኑ ላይ «የቀዘቀዘ ቱና» ከሚል በቀር ምንም የለም። ቁጥሩም ስድስት አኃዝ ነው። ሰባተኛውን ስለው «ያው ነው፣ አንዱን ጨምሪበት» አለኝ።

ወደብ የሠራ፦
ሃሃ! ቀብድ ከፍላችኋል?

የሳቢያኗ፦
ኧረ አልከፈልንም። ከሰኞ በፊት ላኩ እያለ ነበር።

ትራንዚተሩ፦
እንግዲያው ስልኩን አታንሺለት። ሕጋዊ ላኪ ካገኘሽ የሰነዶቹን ኮፒ ክፍያ ሳትፈጽሚ አምጪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።