«ቼክ» ስንት ነገር ነው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ምግብ ቤት ውስጥ «ቼክ አምጪልን» ሲል ሰማሁት። እኔ የማውቀው የባንኩን ነው። ሻንጣም ቼክ ይደረጋል፣ ስልክም ቼክ ይደረጋል፣ ሸሚዙም ቼክ ነው። ቃሉ አንድ ነው ወይስ አራት አምስት የተለያዩ ቃላት ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቃሉ አንድ ነው። ሥሩ ደግሞ ባንክ ውስጥ አይደለም፤ ቼዝ ውስጥ ነው።

ፋርሶች ንጉሥን «ሻህ» ይሉታል። በጨዋታው የባላጋራህን ንጉሥ አደጋ ላይ ስትጥለው «ሻህ!» ትለዋለህ። ንጉሥህን አድን ማለትህ ነው። ጨዋታው ከፋርስ ወደ ዐረቦች፣ ከዐረቦች ወደ አውሮፓ ተሻገረ። «ሻህ» በላቲን «ስካኩስ»፣ በድሮ ፈረንሳይኛ «ኤሼክ» ሆነ። እንግሊዝ ሲደርስ የፊቱ ድምፅ ወደቀና «ቼክ» ቀረ። «ቼዝ» ራሱ የዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር ነው።

«ቼክሜት» ደግሞ «ሻህ ማት» ነው። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው «ንጉሡ ሞተ» ብሎ ይሰማዋል። የዐረብኛው «ማተ» እና የእኛ «ሞተ» አንድ ሥር ስላላቸው ለእኛም ያው ይመስለናል። ብዙ አጥኚዎች ግን «ማት» ፋርስኛ ነው፣ ትርጉሙም መላ ቅጡ የጠፋው፣ የተረታ ነው ይላሉ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። በቼዝ ንጉሥ መቼ ይገደላል? መውጫ ያጣል እንጂ።

ንጉሥህ «ቼክ» ከተባለ የጀመርከውን ሁሉ ትተህ እሱን ታድናለህ። «ቼክ» መግታት የሚለውን ትርጉም ያገኘው ከዚህ ነው። ፖለቲከኞች «ቼክስ ኤንድ ባላንስስ» ሲሉ አንዱ የመንግሥት አካል ሌላውን ይገታል ማለታቸው ነው። ከመግታት ወደ መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ወደ ማረጋገጥ ሄደ። እኛ «እስቲ ቼክ አርግልኝ» የምንለው የዚህ ጉዞ የመጨረሻ ልጅ ነው።

የሸሚዙ ነገር ቀላል ነው። የቼዝ ገበታ ይመስላላ!

ገንዘብ ውስጥ የገባበት መንገድ ግን ይገርማል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ግምጃ ቤት ሒሳብ የሚተሳሰበው በትልቅ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በዚያው መቶ ዓመት የተጻፈ መግለጫ ርዝመቱን 10 ጫማ፣ ወርዱን 5 ጫማ ያህል ያደርገዋል። ላዩ ላይ መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል። ግብር የሰበሰቡት ሹማምንት በአንድ በኩል፣ ተቀባዮቹ በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። ቁጥሩ በየመደቡ በሚደረደሩ ጠጠሮች ይሰላል። ከሩቅ ላየው ቼዝ የሚጫወቱ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ «ኤክስቼከር» ተባለ። ዛሬም የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ማዕረግ «ቻንስለር ኦቭ ዘ ኤክስቼከር» ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እኛም ቤት ይኸው ነገር ሆኗል። ድሮ መኳንንቱ የሚጫወቱት ቼዝ «ሰንጠረዥ» ይባል ነበር። ከዐረብኛው «ሸጠረንጅ» የመጣ ነው፤ የዚያም ምንጭ ሳንስክሪት ነው፣ «ቻቱራንጋ»፣ አራት ክፍል ያለው ጦር። የሀገራችን ጨዋታ የራሱ ጠባይ ነበረው። መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ጨዋታው ተረሳ፣ ስሙ ግን ወደ መደብና መስመር ዞረ። ቅዳሜ ማታ የፕሪሚየር ሊጉን የደረጃ ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው የቼዝ ስም እየጠራ ነው።

ወደ ባንኩ ልመለስ። ቼኩ መጀመሪያ ወረቀቱ ራሱ አልነበረም። ማጭበርበርን ለመግታት የሚያዘው ጉርድ ነበር «ቼክ» የሚባለው። ስሙ ቀስ በቀስ ወደ ዋናው ወረቀት ተላለፈ። እንግሊዞች አጻጻፉን ወደ «ኤክስቼከር» አስጠግተው ለወጡት፣ አሜሪካኖች እንደ ነበረ ተዉት።

የሻንጣውም ከጉርዱ ብዙ አይርቅም። ዕቃህን ስታስረክብ የሚሰጥህ ምልክት «ቼክ» ይባላል፣ ማስረከቡም «ቼክ ማድረግ» ሆነ። አሜሪካኖች ግብዣ ሲያስተላልፉ «ሬይን ቼክ» የሚሉትም ከዚህ ወገን ነው። በ1880ዎቹ የቤዝቦል ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን የሚገባበት ትኬት ነበር። የአክስትህ ልጅ የጠየቀው ግን ሒሳቡን ነው። ለንደን ቢሆን «ቢል» ይል ነበር። አሜሪካ ውስጥ «ቢል» የብር ኖትም ስለሆነ፣ ቼኩን በቢል ይከፍላሉ።

ጥያቄ፦ ቼክ ሪፐብሊክስ? «ደረቅ ቼክ» የምንለውስ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው?

መልስ፦ የሀገሩ ስም ዘመድ አይደለም። በፊደላችን ስለተመሳሰለ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት የስላቭ ስም ነው።

«ደረቅ ቼክ» የእኛው ይመስለኛል። እንግሊዝኛው ቼኩን ያነጥረዋል፤ ላስቲክ ነው ይለዋል፣ ተመልሶ ስለሚመጣ። የባንክና የሕግ ሰዎች ግን «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ነው የሚሉት። ይሄኛው ወደ ፈረንሳይኛ ይጠጋል። እዚያ «ፕሮቪዥን የሌለው ቼክ» ይባላል፣ ፕሮቪዥን ደግሞ ስንቅ ነው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ስለነበሩ፣ ቃሉ በእነሱ በኩል ገብቷል ብዬ እገምታለሁ።