የግሬናዳ አብዮት የወደቀው በማን እጅ ነው?

ናሆም_ቲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ግሬናዳ የማነበው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «አሜሪካ ወርራ አብዮቱን ገደለችው» ይላል፤ ሌላው «ኩባና ሶቪየት የጦር ሰፈር ሊያደርጓት ሲሉ ተነቃባቸው»። በካሪቢያን ባሕር ያለች፣ 344 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋትና መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ይህን ያህል ለምን አስጨነቀች? አየር ማረፊያውስ እውነት ወታደራዊ ነበር? ቀኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጠቅሱልኝ ይሻለኛል።

ካሪቢያን_ታዛቢ፦
ቅደም ተከተሉን ካየኸው ግማሹ መልስ ይወጣልሃል። አብዮቱ የሞተው ኦክቶበር 19 ቀን 1983 ነው። የአሜሪካ ጦር የገባው ኦክቶበር 25።

ማርች 13 ቀን 1979 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤሪክ ጌሪ አሜሪካ ሄደው ሳለ የግራ ክንፉ ፓርቲ የኒው ጁዌል ንቅናቄ ታጣቂዎች ንጋት ላይ ትሩ ብሉ ያለውን የጦር ካምፕ፣ ቀጥሎም ሬዲዮ ጣቢያውን ያዙ። የንቅናቄው መሪ ሞሪስ ቢሾፕ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ቃል የተገባው ምርጫም ሳይደረግ ቀረ። የሚገርመው የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ ሰር ፖል ስኩን ከቦታቸው አልተነሱም። ይህ ኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ችግሩ ፓርቲው ነው። ሙሉ አባላቱ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ደግሞ ቢሾፕን ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 1983 ማዕከላዊ ኮሚቴው «የጋራ አመራር» የሚል ውሳኔ አሳለፈ፦ ቢሾፕ ሕዝቡንና የውጭ ግንኙነቱን፣ ምክትሉ በርናርድ ኮርድ ደግሞ የፓርቲውን አደረጃጀትና ስትራቴጂ ይያዙ። ወረቀት ላይ ሲያዩት የሥራ ክፍፍል ነው፤ በተግባር ግን የፓርቲውን ቁልፍ ለኮርድ አስረከበው። ቢሾፕ ተቀበለ፤ ወደ ሃንጋሪና ቼኮዝሎቫኪያ ሄዶ በኩባ በኩል ሲመለስ ግን አመነታ። በኦክቶበር 13 የቁም እስር ገባ። ኦክቶበር 19 በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ አውጥቶ ፎርት ሩፐርት ወደሚባለው ምሽግ ይዞት ሄደ። ለማዕከላዊ ኮሚቴው የወገኑ ወታደሮች ደርሰው ምሽጉን መልሰው ከያዙ በኋላ እሱን፣ የትምህርት ሚኒስትሯን ጃክሊን ክሬፍትን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ዩኒሰን ዋይትማንንና ሌሎች አምስት ሰዎችን ግድግዳ አስደግፈው ረሸኗቸው። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሃድሰን ኦስቲን የ96 ሰዓት ሰዓት እላፊ አወጀ፤ የወጣ ይተኮስበታል ተባለ። ከዚያ በኋላ የሚከላከለው ሕዝብ ያለው መንግሥት አልነበረም።

ኢንጂነር_ዘ፦
ስለ አዲሱ የፖይንት ሳሊንስ አየር ማረፊያ ልመልስ። ነባሩ ፐርልስ አጭር፣ በኮረብታ የተከበበና የሌሊት መብራት የሌለው ነበር። ትልልቅ የመንገደኛ ጄቶች አያርፉበትም፤ ቱሪስቱ በባርቤዶስ ወይም በትሪኒዳድ አውሮፕላን መቀየር ነበረበት። የአዲሱ መንደርደሪያ ርዝመት 9,000 ጫማ፣ ማለትም 2,700 ሜትር ግድም ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ማርች 23 ቀን 1983 በቴሌቪዥን የአየር ፎቶ እያሳዩ 10,000 አሉት፤ አየር ኃይል የሌላት አገር ይህን ለማን ትሠራለች ብለው ጠየቁ። ባርቤዶስም አየር ኃይል የላትም፤ መንደርደሪያዋ ግን ከዚያ ይረዝማል።

ርዝመት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የጦር ሰፈር ለመሆን በኮንክሪት የተመሸገ የአውሮፕላን መጠለያና ጥበቃ ያለው የነዳጅ ማከማቻ ያስፈልጋል። በሥራው ላይ የነበረው የእንግሊዙ ፕሌሲ ኩባንያ እነዚህ እንደሌሉ ተናግሯል። ዋናውን ግንባታ የሠሩት ኩባውያን መሆናቸው ግን አይካድም፤ መሣሪያም ነበራቸው። ደግሞም ለጄት የሚበቃ መንደርደሪያ ለወታደራዊ ማመላለሻም ይበቃል፤ የዋሽንግተን ሥጋት ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። በመጨረሻ ያስጨረሰችው ራሷ አሜሪካ ናት፤ በ1984 ተከፈተ፣ ከ2009 ጀምሮ በቢሾፕ ስም ይጠራል።

ናሆም_ቲ፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ሶቪየት ለምን ዝም አለች?

ሰላም_አርካይቭ፦
ዝም አላለችም፤ አወገዘች። ከዚያ በላይ የሚያደርሳት ነገር አልነበራትም። ግሬናዳ በጃንዋሪ 1980 ሶቪየት ከአፍጋኒስታን እንድትወጣ የሚጠይቀውን የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ሶቪየትን ጨምሮ ከተቃወሙት 18 አገሮች አንዷ ነበረች (ኢትዮጵያም አለችበት)፤ በምላሹ የጦር መሣሪያ ስምምነቶች አገኘች። የመከላከያ ውል ግን የለም። ከአሜሪካ ደጃፍ ያለችን ደሴት ለማዳን ሞስኮ መርከብ አትልክም። ካስትሮም በቢሾፕ መገደል ተቆጥቶ ስለነበር ተጨማሪ ጦር አልላከም።

@ካሪቢያን_ታዛቢ ያነሣኸው የእንደራሴው ጉዳይ ወሳኝ ነው። የወረራው ሕጋዊ ምክንያት የምሥራቅ ካሪቢያን አገሮች ጥሪና የስኩን ደብዳቤ ነው ተባለ። ደብዳቤው ኦክቶበር 24 የሚል ቀን ቢይዝም የተፈረመው ጦሩ ስኩንን ካወጣቸው በኋላ ነው።

ጌታሁን_84፦
በደሴቲቱ የሚማሩ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ለማዳን የሚለውም የወረራው ምክንያት በአፈጻጸሙ ላይ ተሰናክሏል። ጦሩ የሕክምና ተማሪዎቹ ትሩ ብሉ ብቻ ያሉ መስሎት ገባ፤ ግራንድ አንስ ሌላ ካምፓስ እንዳለ ያወቀው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ ሬዲዮ አይግባባም ነበር፤ ካርታ ስላልነበረ የቱሪስት ካርታ ተጠቀሙ። የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በስህተት ተደብድቦ 18 ያህል ታካሚዎች ሞቱ። 19 አሜሪካውያንም ተገደሉ። የ1986ቱ የአሜሪካ ጦር ዕዝ ማሻሻያ ሕግ ከዚህ ጉድለትም የመጣ ነው።

በጸጥታው ምክር ቤት ወረራውን በሚነቅፈው የውሳኔ ሐሳብ ላይ ድምፁ 11 ለ1 ሲሆን አሜሪካ በድምፅ መሻር መብቷ ጣለችው፤ እንግሊዝ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ታቸር ቀድሞ ስላልተነገራቸው ተናድደው ነበር። ኖቬምበር 2 ጠቅላላ ጉባኤው 108 ለ9 አወገዘ።