የሚዘጋ የልጆች ማሳደጊያ ፋይሎች ለስንት ዓመት መቀመጥ አለባቸው?

ጥያቄ፦
አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የልጆች ማሳደጊያ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ድርጅቱ በገንዘብ እጥረት ሊዘጋ ስለሆነና የኪራይ ቤቱንም በሚቀጥለው ወር ስለምናስረክብ፣ አስተዳደሩ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ወረቀት ሁሉ እንዲወገድ ሐሳብ አቅርቧል። ከእነዚህ ወረቀቶች መካከል የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከመከልከሉ በፊት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ስፔንና ወደ ስዊድን የተሰጡ ልጆች ማህደሮች ይገኛሉ። ትናንት አንዱን ብከፍት የቀበሌ ደብዳቤ፣ እናቲቱ በጣት አሻራዋ ያጸደቀችው ቃል፣ የክትባት ካርድና ከጀርባው በእርሳስ «ሲመጣ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ» የተባለበት ትንሽ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ይህንን ከሒሳብ ደረሰኝ ጋር አብሮ ማስወገድ ኅሊናዬ አልፈቀደም። እንዲህ ያለው ፋይል ለስንት ዓመት ሊቀመጥ ይገባል? ማንስ ይረከበዋል?

መልስ 1፦
ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ረዘም ላለ ጊዜ በመዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ስሕተቱ የሚጀምረው ዓመቱ ፋይሉ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር ነው፤ ለግዥ ሰነድ ይህ አቆጣጠር ይበቃል፣ የልጅ ማህደር ግን በልጁ ዕድሜ ሊለካ ይገባዋል። በእንግሊዝ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ያደገ ልጅ ፋይል ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ለ75 ዓመት፣ የጉዲፈቻ ፋይል ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጀምሮ ለ100 ዓመት ይጠበቃል። እኔም ከዚህ የሚያንስ ዘመን አልመክርም። እስከዚያው ግን በፋክስ የመጡትን ወረቀቶች ዛሬውኑ ኮፒ ያድርጓቸው፤ በሙቀት የሚታተመው የፋክስ ወረቀት ጽሑፉ በጥቂት ዓመታት እየደበዘዘ ይጠፋል። የዛጉትን ስፒሎች ያውጡ፣ እያንዳንዱን ማህደር በዝርዝር ይመዝግቡና የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይን ለሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለቤተ መዛግብት በደብዳቤ ጥያቄ ያቅርቡ። ያለ ርክክብ ቃለ ጉባኤ አንድም ካርቶን ከግቢው እንዳይወጣ።

መልስ 2፦
የሕግ ባለሙያ ነኝ። አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች የግል መረጃ ከዓላማው በላይ እንዳይቆይ የሚለውን የአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መርሕ እንደ ማቃጠያ ፈቃድ ሲያነቡት አይቻለሁ። ይህ ንባብ አያስኬድም። የዚህ ማህደር ዓላማ ልጁን ለአሳዳጊ በማስረከብ ብቻ አያበቃም፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 8 የልጁ ስም፣ ዜግነትና የቤተሰብ ግንኙነት እንዲጠበቅለት ያዝዛል። በእርግጥ የእናቲቱም ምስጢር አለ። ነገር ግን ምስጢር የሚጠበቀው ማን ፋይሉን እንደሚከፍት በመወሰን ነው፣ ፋይሉን በማጥፋት አይደለም። «ፍርድ ቤት ኮፒ አለ» በሚል መልስም እንዳይረኩ አደራ እላለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ዘንድ የሚገኘው ለውሳኔ የቀረበለት ሰነድ ነው፣ እርስዎ ያዩት በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ እዚያ ላይገኝ ይችላል።

መልስ 3፦
ቤተሰቦቻቸውን ፍለጋ ከውጭ ለሚመጡ ወጣቶች አስተረጉማለሁ። በአንዲት ልጅ የውጭ ሰነዶች ላይ የአባቷ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ነበር፤ የቀበሌው ደብዳቤ ላይ የሰፈረውን 1996 ዓ.ም. ደግሞ ተርጓሚው እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለወሰደው ልጅቱ በወረቀት ላይ ስምንት ዓመት ያህል አርጅታ ነበር። ይህንን ሊያቃና የሚችለው በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ደብዳቤ ብቻ ነበር። ወደ ማሳደጊያው ስንሄድ «ጊዜው ስላለፈ ተቃጥሏል» ተባልን። በሩ ላይ ቆማ «ቢያንስ ፎቶ አልነበረኝም?» ብላ ጠየቀችኝ፣ የምመልስላትም አጣሁ። ስለዚህ 75 ዓመት እንኳ ያንሳል እላለሁ፤ በቤተሰቡ ውስጥ ስላለው በሽታ ከሐኪም ሲጠየቁ የሚቸገሩት የእነዚህ ልጆች ልጆችም ናቸውና።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማስወገዱ ሐሳብ እስከ ዓርብ ስብሰባ ድረስ እንዲቆይ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። የፋክሶቹን ኮፒ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሬያለሁ፤ ሁለቱ ቀድሞውኑ ነጭ ሆነው አገኘኋቸው።